ስትሮክ፥ የኑሮ ልዩነትና የመምህሩ ድርሻ

ለመምህራንና ለትምህርት ሥራ መሪዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የከፈቱት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ፥ በጥቅምት ወር 1909 እ.ኤ.አ.፥ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ይጎበኛቸው የነበረው ሕመም ጠናባቸው፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። በዐዋጃቸው አገሩን ሁሉ ወደ ዐድዋ ያስከተቱት ንጉሠ ነገሥት ከዚያ ወር ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ታኅሣሥ 1913 እ.ኤ.አ. ድረስ፥ አራት ዓመት ያህል ከአልጋ ላይ ዋሉ። እቴጌ ጣይቱ አጠገባቸው ሆነው ያስታምሟቸው ነበር፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም አልተለዩአቸውም። ነገር ግን ሐኪሞቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ያ ሕመም ዛሬ ሕዝቡ ሳይቀር ስትሮክ እያለ የሚጠራው ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ ቶሎ አልተለወጠም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. በአንጎላቸው ውስጥ በፈሰሰ ደም ሲሞቱ፥ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ማለቱ ከሐኪሞቻቸው የተሰወረ አልነበረም። የጐደለው መድኃኒቱ ነበር። ብዙ ሕዝብ ያለ ከባድ ጕዳት ሊውጠው የሚችለው፥ ክሎሮታያዛይድ የተባለው የግፊት ኪኒን ለገበያ የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የንጉሡም የፕሬዚዳንቱም የድኻውም ዕድል አንድ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ሁሉም በአለማወቅ እኩል ነበሩና።

ዛሬ ግን እንዲህ አይደለም። ሕመሙ ከምን እንደሚመጣ ታውቋል፤ አስቀድሞ የሚከላከለው መድኃኒት ተገኝቷል፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ የረከሰ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱና መድኃኒቱ ለሰው ሁሉ በእኩል አልተዳረሰም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ልዩነት ማሳየትና፥ ከልዩነቱ ውስጥ በመምህሩ እጅ ሊጠብብ የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አንጎል ከሰው ክብደት ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ልብ ከምትረጨው ደም ግን ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆነውን እጅ ለራሱ ይወስዳል። ስንቅ የማያኖር ሠራተኛ በመሆኑ ደሙ ለጥቂት ደቂቃ ሲቋረጥበት ሥራውን ያቆማል። የሚቋረጥበትም መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋው ነው፤ ሁለተኛው የደም ሥሩ ራሱ ሲፈነዳና ደሙ በአንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። በዓለም ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው፤ በአፍሪካ ግን የሁለተኛው ድርሻ ከሌላው ዓለም ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ የዚህም ዋነኛ ምክንያት ሳይታወቅና ሳይታከም ለብዙ ዓመት የቈየ የደም ግፊት ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች ከውጭ ለሚያያቸው ሰው አንድ ናቸው። ሐኪሙም ቢሆን ሊለያቸው የሚችለው በአመዛኙ ሲቲ ስካን በተባለው፥ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕሙማን ላይ በሚሠራበት መሣሪያ ነው። የተዘጋውን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው ሕመምተኛ አደገኛ ስለሆነ፥ መሣሪያው በሌለበት ቦታ ሐኪሙ እጁ የታሰረ ያህል ነው። መድኃኒቱም የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚረዳቸው በልዩ ምርመራ የተለዩ ሕመምተኞች ብቻ ናቸው። ትልቅ የአንጎል ሥር ተዘግቶ በቈየ ቍጥር፥ በየደቂቃው አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። ስለዚህ በዚህ ሕመም ረገድ ሰዓት ማለት አካል ማለት ነው፤ ያለፈው ደቂቃ እጅን ወይም አንደበትን ይዞ ይሄዳል።

ሕዝቡ ለዚህ ሕመም የሰጠው ስም ብዙ ነው። አንዱ «መጋኛ መታው» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ለከፈው» ይላል። ስም መንገድን ያመለክታልና፥ ምች ነው ያለ ሰው ዳማከሴ ይቀጠቅጣል፤ ልክፍት ነው ያለ ሰው መናፍስት ያስወጣል ወደሚባለው ይሄዳል፤ ከሐኪም ቤት የሚደርሰው ሁሉም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን የሚያደርግ ቤተ ሰብ ሰነፍ ወይም ጨካኝ ነው ብሎ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። ዳማከሴው ከጓሮው ነው፤ ሐኪም ቤቱ ግን ከተራራው ማዶ ነው። ጠበል የሚወስድም ሰው ከእምነቱ ጋራ ሊጣላ አያስፈልገውም፤ ሊነገረው የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጸሎቱ በመንገድም በሐኪም ቤትም ሊደርስ ሲችል፥ ያለፈው ሰዓት ግን ተመልሶ የማይመጣ መሆኑን ነው።

ደግሞም ይህ ዓይነቱ እምነት የገጠሬው ብቻ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በታንዛንያ በሁለት ቦታዎች የተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። በስዋሂሊ «ኪሃሩሲ» የሚባለውን ይህን ሕመም፥ በኪሊማንጃሮ ግርጌ ያለው የሃይ ወረዳ ገጠሬ በአብዛኛው ከደም ግፊት፥ ከምግብና ከሐሳብ የሚመጣ ነው ሲል፥ በታላቂቱ ከተማ በዳሬ ሰላም የሚኖረው ሕዝብ ግን ብዙውን ጊዜ የመናፍስትና የመተት ሥራ ነው ይል ነበር። የኪሊማንጃሮ አካባቢ ትምህርት ቤት ከቀድሞ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋበት አገር መሆኑን ለሚያስታውስ መምህር ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ከተማ መኖር ብቻውን ዕውቀት አይሰጥም፤ ዕውቀት የሚገኘው ያስተማረ ሰው ካለበት ነው።

በዚያው አገር ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ አዲስ የተመቱ ሰዎች ሲቈጠሩ፥ የዕድሜው ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ፥ ከመቶ ሺህ ሰው በሃይ 109 ያህል፥ በዳሬ ሰላም ደግሞ 316 ያህል በየዓመቱ እንደሚመቱ ታወቀ። የሃይ ቍጥር ከሀብታም አገሮች ቍጥር ብዙ የማይርቅ ሲሆን፥ የዳሬ ሰላሙ ግን በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። እንግዲህ ስትሮክ የሀብታም በሽታ ነው፥ የጠገበና የወፈረ ሰው ደዌ ነው የሚለው የቈየ አባባል በዚህ ይፈርሳል። ገጠሩን ትቶ ወደ ከተማ የገባ ድኻ የከተማውን ጨው፥ የከተማውን ዘይትና የከተማውን ጭንቀት ወዲያው ይካፈላል፤ የከተማውን ሐኪም ግን ወዲያው አይካፈልም።

የዓለሙም ሚዛን ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በስትሮክ እንደ ተመቱና ከስድስት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ከሞቱትም ከመቶ 86 ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ናቸው። ከ1970 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን የተደረጉትን ጥናቶች የሰበሰበ አንድ ምርመራ እንደሚያሳየው፥ በሀብታሞቹ አገሮች አዲስ የሚመታው ሰው ቍጥር ከመቶ 42 እጅ ሲቀንስ፥ በሌሎቹ አገሮች ግን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ያገኙት በአንድ ታላቅ ግኝት አይደለም፤ የደም ግፊትን በየጊዜው በመለካት፥ ኪኒኑን ሳያቋርጡ በመስጠትና ትንባሆን በመቀነስ ነው።

ልዩነቱ በአንድ አገር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሁለት ሰዎች ይታሰቡ። አንደኛው በከተማ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ከአውራው መንገድ የግማሽ ቀን ጕዞ ርቆ የሚኖር ሸማኔ ነው። ሁለቱም ሃምሳ ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም የደም ግፊት አለባቸው። ነጋዴው ለሌላ ነገር ሐኪም ቤት ሄዶ ሳለ ተለክቶ ታወቀለት፤ በየወሩ ኪኒኑን ይገዛል። ሸማኔው ግን ተለክቶ አያውቅም፤ ግፊት አያሳምምምና የሚለካበት ምክንያት አልታየውም። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢመቱ ነጋዴው በልጁ መኪና በሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ለሸማኔው ግን ጎረቤት ተጠርቶ፥ ቃሬዛ ተበጅቶ፥ ለመኪናው ገንዘብ ተለምኖ፥ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያ ወደ ወረዳው ሐኪም ቤት፥ ከዚያ መሣሪያው ወዳለበት ከተማ ሲወሰድ ሁለት ቀን ያልፋል። የተመታች የሸማኔው ሚስት ብትሆን ደግሞ፥ ባል ከገበያ እስኪመለስና ገንዘቡን እስኪፈቅድ ሌላ ሰዓት ይጨመርበታል። እንግዲህ በሽታው ሁለቱን እኩል ቢመታቸውም፥ የሚፈረድባቸው ፍርድ እኩል አይደለም።

ከዚያም በኋላ ልዩነቱ አያቆምም። ከስትሮክ የተረፈ ሰው እንደገና መቆም፥ መናገርና መብላት የሚለማመድበት ጊዜና አሠልጣኝ ያስፈልገዋል። በአፍሪካ ደግሞ ሕመሙ ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ዝቅ ባለ ዕድሜ ላይ ይመታል፤ ስለዚህ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ምሰሶ ነው። ገቢው ይቆማል፤ በሬው ይሸጣል፤ የሚገለባብጥ፥ የሚያጥብና የሚያጎርስ ሰው ያስፈልጋል። ይህም ሥራ ብዙ ጊዜ በእናትና በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። መምህሩ በስም ጥሪ መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ የሚጽፍባት ልጅ፥ በዚያ ሰዓት ከአባትዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ይሆናል። ሁለት ሳምንት የቀረች ተማሪ ከጊዜ በኋላ ፈጽማ ትቀራለች፤ መዝገቡም «አቋርጣለች» ይላል እንጂ ያቋረጣት ማን እንደ ሆነ አይናገርም። የሕዝብ ጤና ጉዳይ የትምህርት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት በግልጽ መነገር ይገባዋል። ሕዝብን ማንቃት ብቻውን የልዩነት መድኃኒት አይደለም። መንገድ ለሌለው ሰው «ፍጠን» ማለት፥ ገንዘብ ለሌለው ሰው «ታከም» ማለት ግማሽ ትምህርት ነው፤ እንዲያውም ጥፋቱን በተጎዳው ላይ የሚጥል ሊሆን ይችላል። አምቡላንሱን፥ መሣሪያውን፥ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ማዳረስ የመንግሥትና የጤና ባለሥልጣኖች ግዴታ ነው፤ ይህንም ግዴታ መምህሩ በትምህርት ሊተካው አይችልም። ነገር ግን የሚያውቅ ሕዝብ የጐደለውን ለይቶ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ሕዝብ ግን የጐደለበትን ነገር ስሙንም አያውቀውም። ከዚህም በላይ የዚህ ሕመም ታላቁ ክፍል የሚሸነፈው በከተማው መሣሪያ ሳይሆን በመንደር፥ ሕመሙ ሳይመጣ በፊት ነው። በመከላከሉ ረገድ ድኻው የሚያገኘው ጥቅም ከሀብታሙ ይበልጣል፤ ዋጋው ትንሽ ነውና።

የመከላከሉ ሥር የደም ግፊትን ማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፥ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። በኢትዮጵያም በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ዐዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ እጅግ የሚበዙትም መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። ግፊት በልኬት እንጂ በስሜት አይታወቅም። ላይኛው ቍጥር 140፥ ታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተገኘ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ኪኒኑን የጀመረ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ሊያቋርጥ አይገባውም፤ የተሻለው ስለሚወስደው ነውና። ነጭ ሽንኩርቱም ሽፈራውም በምግብነታቸው መልካም ናቸው፤ የኪኒኑን ቦታ ግን አይተኩም። ጨውም በቀን ከአምስት ግራም፥ ማለት ከአንዲት ትንሽ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ አስቀድሞ የገባው፥ በአንዳንድ አገርም በቡናው ውስጥ የሚጨመረው ሁሉ ከዚሁ ይቈጠራል። የስኳር በሽታን መከታተል፥ ትንባሆን መተው፥ መጠጥን መቀነስና መንቀሳቀስ ደግሞ ይከተላሉ።

ሕመሙ በመጣ ጊዜ የሚታወቅበት ምልክት በአራት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል፤ ፊት፥ ክንድ፥ አንደበት፥ ሰዓት። ፊት፥ ሰውዬው ፈገግ እንዲል ሲጠየቅ አንዱ የፊቱ ጎን ወደ ታች ይወርዳል። ክንድ፥ ሁለቱን እጆቹን እንዲያነሣ ሲታዘዝ አንደኛው ይወድቃል። አንደበት፥ አጭር ዐረፍተ ነገር እንዲደግም ሲነገረው ይኮላተፋል ወይም የሚለው ይጠፋዋል። ሰዓት፥ ከነዚህ አንዱ በድንገት ከታየ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ሕመሙ የጀመረበትም ሰዓት ለሐኪሙ ይነገራል። ዓይን በድንገት መጋረዱ፥ ሚዛን መሳቱና ከቶ ታይቶ የማይታወቅ ብርቱ ራስ ምታትም እንዲሁ ሊጠረጠሩ ይገባል። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም ሰውዬው ዳነ ማለት አይደለም፤ ታላቁ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ሊመጣ ይችላልና ማስጠንቀቂያ ነው።

በመንገድ ላይ ሳለ ውሃም፥ ሻይም፥ ምግብም አይሰጠውም፤ ጕሮሮው ከደከመ ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም አይሰጠውም፤ የሚፈስስ ደም ከሆነ ያብሰዋል። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም አይጠቅመውም። ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛል፤ የሚያንቀውም ልብስ ይላላል።

ይህን ትምህርት ሕፃናት ሊሸከሙት ይችላሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ ተሞክሮ የታየ ነገር አለ። ኦላጂዴ ዊልያምስ የተባሉ የነርቭ ሐኪም በኒው ዮርክ፥ ጥቍሮችና ድኾች በሚበዙበት በሃርለም ሰፈር፥ ስትሮክ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ሕዝቡን ሲጎዳ አይተው ልጆቹን በራሳቸው ዜማ፥ በሂፕ ሆፕ ሙዚቃ፥ ማስተማር ጀመሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ምርመራ በከተማይቱ 22 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ 3,070 ልጆች ተካፋዮች ሆኑ። ትምህርቱ ለሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው አንድ አንድ ሰዓት ነበር። ከትምህርቱ በፊት ጥያቄውን ሁሉ በትክክል የመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ሲሆኑ፥ ከትምህርቱ በኋላ ወዲያው 57 ሆኑ። ከተማሩትም ውስጥ አራት ልጆች በእውነት በደረሰ ሕመም ጊዜ አምቡላንስ ጠሩ፤ ከአራቱ አንዱ «ቈይተን እንይ» ያለውን ወላጅ ሳይሰማ ነበር የጠራው። በግሪክ አገርም ሕፃናት የተማሩትን ለአያቶቻቸው እንዲያስተምሩ የሚያደርግ ዘዴ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል።

ነገር ግን የኒው ዮርኩ ምርመራ ለመምህር የሚሆን ሌላም ነገር ይዟል። ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲጠየቁ፥ ሁሉን በትክክል የመለሱት ከመቶ ወደ 24 ወርደው ተገኙ። አንድ ጊዜ የተነገረ ነገር ይረሳል። ፊደል በአንድ ቀን እንዳልተቈጠረ፥ ይህም በየወሰነ ትምህርቱ መደገም አለበት ማለት ነው።

ከአገሩ ልማድ የሚመጣ ሌላ ችግር ደግሞ አለ። በብዙው የኢትዮጵያ ቤት ልጅ በታላላቆች ፊት ቀድሞ አይናገርም፤ ይህም ጨዋነት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ «አባባን አሁኑኑ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» ብትል፥ «ዝም በይ» ልትባል ትችላለች። ስለዚህ ትምህርቱ ለልጁ ብቻ ተሰጥቶ ሊቀር አይገባም። በወላጆች ቀን መምህሩ በአባትና በእናት ፊት ቆሞ፥ ልጅ ይህን ምልክት አይቶ ከተናገረ ይደመጥ ዘንድ ቃል ማስገባት ይኖርበታል። የዕድሩ ዳኛ፥ የነፍስ አባቱ፥ የመስጊዱ ሼክ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያ ቢገኙ የልጁ ቃል ክብደት ያገኛል። ዕድር ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ለሕመምተኛው መኪናም ጥቂት ቢያስቀምጥ፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ይድናል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከመምህሩ ዓይን በታች በየቀኑ ያልፋል። በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች ገና በወጣትነታቸው በስትሮክ ከሚመቱት መካከል፥ የልባቸው በር በሕፃንነታቸው የተበላሸባቸው አሉ። ይህ የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው ከጕሮሮ ሕመም ነው። በአንድ ጠባብ ቤት ብዙ ሰው በሚያድርበት ኑሮ ውስጥ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለውን ልጅ ደጋግሞ የሚይዘው የጕሮሮ ቍስል፥ በፔኒሲሊን በጊዜው ካልታከመ ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ በተበላሸው የልብ በር ላይ የረጋ ደም ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ አንጎል ይወጣል። እንጥል ማስቈረጥ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ሌላ ቍስልና ሌላ አደጋ ይጨምራል እንጂ። የአፍሪካ አገሮች ይህን በሽታ ለማጥፋት የተስማሙበት መግለጫ የተዘጋጀው በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ነው። ትኵሳት ይዞት ጕሮሮውን አሞት የሚውጠው የከበደውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የላከ መምህር፥ የመግለጫውን ቃል በሥራ ላይ አውሏል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ለሦስት ወገን ይከፈላል። መምህሩ አራቱን ቃላት በየክፍሉ፥ ልጆቹ በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማልኛም በሌላውም፥ በጨዋታና በመዝሙር ያስተምራል፤ በየወሰነ ትምህርቱም ይደግመዋል። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በዓመት ሁለት ጊዜ ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምቶ የወላጆችንና የሠራተኞቹን የደም ግፊት ያስለካል፤ ሲያስለካም ከዘበኛውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ይጀምራል፤ እነርሱ ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ነውና። በቤትዋ በሽተኛ ስላለባት የቀረችውንም ተማሪ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ቤትዋ ድረስ ሰው ይልካል፤ ያመለጣትን ትምህርት የምታካክስበትንም ሰዓት ይሰጣታል። የትምህርት ባለሥልጣኖች ደግሞ ይህን ትምህርት በሳይንሱ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከጤና ባለሥልጣኖች ጋር ተቀምጠውም ትምህርት ቤቱ የላከውን ሕመምተኛ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፥ የአምቡላንሱም ቍጥር ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ያስወስናሉ። መምህራን ራሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ አይወጡም። ቀኑን ሁሉ ቆሞ የሚናገር፥ ሌሊቱን ደብተር የሚያርም፥ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር የራሱን ግፊት ሳያውቅ ሌላውን ሊያስተምር አይቀናውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሏል፤ ያልተለካ ግፊት ደግሞ ከባለቤቱም ጭምር የተደበቀ በሽታ ነው።

የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት የከፈቱት ንጉሠ ነገሥት በዚህ ሕመም ሲያዙ፥ ሊረዳቸው የሚችል ዕውቀት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አይወቀስም። ዛሬ ግን በዚያው ሕመም ሸማኔው ቢወድቅ፥ ዕውቀቱ ከእርሱ የቀረው መጥቶ የነገረው ሰው ስለ ሌለ ነው። በዚያ መንደር ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ ሲቲ ስካንም ላይኖር ይችላል፤ ትምህርት ቤት ግን በብዙዎቹ መንደሮች አለ። የሸማኔው ልጅ ነገ ጧት በዚያ ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ትላለች። ማታ ወደ ቤትዋ ስትመለስ አራቱን ቃላት ይዛ የምትሄድ መሆንዋና አለመሆንዋ፥ በዚህ ጉባኤ በተሰበሰቡት ሰዎች እጅ ያለ ነገር ነው።